የአውቶሞቢል በር እምቢ ባለ ጊዜ

በር ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው መዝጋት፤ ሁለተኛው መክፈት ነው። ሰው ቁልፍ ሲገዛ የሚያስበው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሌባ እንዳይገባበትና ንብረቱ እንዳይወጣበት ነው። ዳሩ ግን በተፈለገ ጊዜ የማይከፈት በር ከግድግዳ የሚለየው ምንም ነገር የለም። ይህ ቃል በቤት በር ላይ እውነት ከሆነ፤ በአውቶሞቢል በር ላይ ደግሞ ይልቁን እውነት ይሆናል፤ ቤት በቆመበት የሚኖር ሲሆን አውቶሞቢል ግን አባትን እናትንና ልጆችን በአንድ ጠባብ ስፍራ አስቀምጦ የሚሮጥ ነውና።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፤ የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ ጐናቸው ክፍት ስለ ነበረ የበር ቁልፍ ነገር ማንንም አያስጨንቅም ነበር። ዛሬ ግን በየሰፈሩ ብዙ ቤተ ሰብ በአሮጌ መኪና ይገለገላል። ሕዝቡ ዲኤክስ ብሎ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ በጃፓን አገር መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ስለዚህ አሁንም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምትታየው ዲኤክስ አርባ ዓመት የደረሰች ወይም ያለፈች፤ ከባለቤቷ ልጆች ይልቅ በዕድሜ የምትበልጥ ናት። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፤ በእጅ ያለውን ጠግኖ መያዝ ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

እኛ በሙያችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንጂ መካኒክ አይደለንም። ነገር ግን አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ወዶም ሆነ ተገዶ የመካኒክ ደቀ መዝሙር መሆኑ አይቀርምና፤ ከብዙ ዓመት ጀምሮ በጋራዥ ቆመን ያየነውንና በእጃችን የሞከርነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች በተራ በተራው እናቀርባለን።

የቁልፉ አሠራር

ከሁሉ አስቀድሞ በበሩ ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ይገባል፤ የማያውቁትን ነገር ለመጠገን መነሣት በጨለማ መርፌ እንደ መፈለግ ነውና።

ቁልፍ የምናስገባበት ቀዳዳ የአንድ ትንሽ ሲሊንደር አፍ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ የሳሱ የነሐስ ቅጠሎች፤ እያንዳንዳቸው በደቃቅ ሞላ ተደግፈው፤ በረድፍ ተሰልፈው ይገኛሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ቅጠል በልኩ አንሥተው ሁሉንም ያስተካክሏቸዋል፤ በዚያን ጊዜ ሲሊንደሩ ይዞራል። ቁልፉ የሌላ ከሆነ፤ ወይም ጥርሱ ካለቀ፤ አንዲት ቅጠል ብቻ ከልኳ ብትተርፍ ወይም ብትጐድል መላውን ታግዳለች። ነገሩ ምስክሮቹ ሁሉ በአንድ ቃል ካልተናገሩ እንደማይረታ ክርክር ነው።

ይህ ብልሃት የቆየ ነው። በጥንት ግብፅ በእንጨት ችንካሮች የሚሠራ ቁልፍ ነበረ፤ አሜሪካዊው ሊነስ ዬልም እ.ኤ.አ. በ1861 ያንኑ ሐሳብ በትንንሽ የብረት ችንካሮች አሻሽሎ፤ ዛሬ በየቤታችን በር ላይ ለምናየው ጠፍጣፋ ቁልፍ መሠረት አደረገ። የአውቶሞቢሉ ሲሊንደር የዚሁ ቁልፍ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በሩን የሚይዘው ሲሊንደሩ አይደለም፤ እርሱ ትእዛዝ አስተላላፊ ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት በጠርዙ ላይ የሚታየው፤ እንደ መንጋጋ የተቀረጸው ብረት ነው በሩን የሚይዘው። በሩን ስንዘጋ መንጋጋው በመኪናው ምሰሶ ላይ የተተከለውን ተቀባይ ብረት ነክሶ ይዞራል፤ ከኋላው ያለችው ትንሽ ምላስም ወድቃ እንዳይመለስ ትይዘዋለች። ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማው ስለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ግማሽ መያዝ ሲሆን ሁለተኛው ሙሉ መያዝ ነው። የውስጡም የውጭውም እጀታ ሥራው ይህችን ምላስ ማንሣት ነው። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ እንደ ትንሽ ችካል ብቅ ብላ የምትታየው መቆለፊያ ደግሞ ወደ ታች ስትወርድ፤ እጀታው ምላሷን እንዳያነሣ ትከለክላለች።

እነዚህን ሁሉ፤ ሲሊንደሩንና እጀታዎቹን፤ ችካሏንና መንጋጋውን፤ እርስ በርሳቸው የሚያገናኟቸው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። የዘንጎቹም ጫፍ የሚያዘው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። አንባቢ ይህችን ማያያዣ በልቡ ያኑራት፤ ወደ እርሷ እንመለሳለንና።

በር የሚጣበቅበት ምክንያት

የበር ቁልፍ በአንድ ቀን አይታመምም። አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፉ ሲገባ ይከብዳል፤ እጀታው ከተሳበ በኋላ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ችካሏ ግማሽ መንገድ ወጥታ ትቆማለች፤ በሩ ካልተወረወረ በቀር አልዘጋ ይላል። ይህን ምልክት የናቀ ሰው ነው ኋላ በዝናብ ወይም በሌሊት ከበሩ ጋራ ሲታገል የሚታየው።

በአገራችን የመጀመሪያው ጠላት አቧራ ነው። በበጋ ወራት አቧራው በሲሊንደሩ አፍና በመስታወቱ ጠርዝ በኩል ገብቶ ከአሮጌው ግራሶ ጋራ ይለወስና፤ ማለስለሻ የነበረው ነገር እንደ ሙጫ ይሆናል። ሁለተኛው ውኃ ነው። የመስታወቱ ጠርዝ ጎማ ከደረቀና ከተሰነጠቀ የክረምት ዝናብ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፤ በበሩ የታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑም ውኃው በውስጥ ተኝቶ ብረቱን ያዝጋል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ የቁልፉ ጥርስ ይሟሽሻል፤ ሞላው ይደክማል፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ ሙቀት ደርቆ ይሰበራል። አራተኛው የበሩ ማዘንበል ነው፤ በሩን የሚሸከመው ማጠፊያ ሲያልቅ በሩ በጫፉ በኩል ወደ ታች ይወርድና መንጋጋው ተቀባዩን ብረት በትክክል አያገኘውም።

ከዚህ ሁሉ ሌላ በሽታ የማይባል አንድ ነገር አለ። በብዙ መኪና የኋላ በር ጠርዝ ላይ ልጆች ከውስጥ እንዳይከፍቱ የሚከለክል ትንሽ ማንሻ ይገኛል። የኋላ በር ከውጭ እየተከፈተ ከውስጥ እምቢ ቢል፤ ጋራዥ ከመሄድ በፊት ይህችን ማንሻ ማየት ይገባል፤ ሳይታወቅ በእቃ ወይም በልጅ እጅ ተነክታ ይሆናልና።

ሰው ስለ ተጣበቀ በር ቸል የሚልበት ዋናው ምክንያት መኪናው ሌላም በር ስላለው ነው። በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር አንዲት ዲኤክስ አሏቸው። የነጂው በር ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ከውጭም ከውስጥም አልከፈት ብሎ ነበር፤ የኋላዎቹም ሁለት በሮች የውስጥ እጀታቸው ተሰብሮ ከውጭ ብቻ ይከፈቱ ነበር። እሳቸውም በቀኝ በኩል እየገቡ ወንበሩን ተሻግረው ይቀመጡ ነበር። ሰው ቢጠይቃቸው፤ «እስከ ሄደች ድረስ በአንዱ በር ብንገባ ምን ቸገረን?» ብለው ይመልሱ ነበር።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ሦስቱን የልጅ ልጆቻቸውን ከኋላ አስቀምጠው ሲመለሱ ከመሪው ሥር ያለው ሽቦ ተቃጥሎ ጢሱ መኪናዋን ሞላት። መምህሩ ሞተሩን አጥፍተው በልማድ እጃቸውን ወደ ነጂው በር ቢሰዱ በሩ እንደ ተዘጋ ነው። ወደ ቀኙ በር ለመድረስ በጢስ መካከል በማርሹ ላይ መሻገር ግድ ሆነ፤ ሕፃናቱም ከኋላ ሆነው በተሰበረው እጀታ ላይ ያለቅሱ ነበር። መንገደኞች ሮጠው ደርሰው የኋላውን በር ከውጭ ባይከፍቱላቸው ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደ ነበር ለመናገር አንደፍርም። ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ማንም አልተጐዳም፤ አያትየው ግን ያችን ሌሊት እንቅልፍ እንዳላገኙ በማግሥቱ በአንደበታቸው ነግረውናል።

በማግሥቱ ከአንድ ወጣት መካኒክ ጋራ ሆነን በሩን ከፈትነው። ሥራው አንድ ሰዓት አልሞላም። ወጣቱ ከበሩ ሆድ ያወጣውን ስባሪ በመዳፉ ላይ አድርጎ፤ «ጋሼ፤ አምስት ወር ሙሉ ያሰረዎ ይህ ነው» አላቸው። ያችው የጥፍር ያህል የሆነችው ማያያዣ ነበረች፤ እርሷ በመሰበሯ ዘንጉ ወድቆ ከመንጋጋው ሥር ተሰንቅሮ ነበር። መምህሩ ስባሪዋን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ካዩአት በኋላ፤ «የኋላዎቹንም ዛሬውኑ ሥራልኝ» አሉት እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

በትዕግሥት መክፈት

እንግዲህ በሩ የተጣበቀበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ኃይልን መተው አለበት። ቁልፉን በፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ፤ እጀታውን በሁለት እጅ መንጨት፤ የበሩን ጠርዝ በብረት መፈልቀቅ፤ ይህ ሁሉ አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። በሲሊንደር ውስጥ የተሰበረ ቁልፍና የተነቀለ እጀታ ከመጀመሪያው በሽታ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያስወጣሉ።

ቀጥሎ መመርመር ነው። ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ፤ ባለ መኪናውም በሽታው በየትኛው አካል ላይ እንደ ሆነ ሳያውቅ እጁን ማንሣት አይገባውም። ቁልፉ አልገባ ካለ በሲሊንደሩ ውስጥ ቆሻሻ አለ። ገብቶ አልዞር ካለ ቅጠሎቹ ተጣብቀዋል ወይም የቁልፉ ጥርስ አልቋል። ያለ ምንም ድካም እየዞረ ችካሏን ካላነሣት ከጀርባው ያለው ዘንግ ተለያይቷል። ችካሏ ተነሥታ ሳለች እጀታው ልል ሆኖ እንደ ልብ የሚመላለስ ከሆነ፤ የተለያየው የእጀታው ዘንግ ነው። እጀታው ጠንክሮ፤ ምላሷንም እንደ ነካ በእጅ እየታወቀ በሩ ካልተላቀቀ ግን፤ በሽታው ከመንጋጋው ወይም በሩ በተቀባዩ ብረት ላይ ከመጫኑ የመጣ ነው።

ሲሊንደሩ የታመመ እንደ ሆነ በቅድሚያ በቤት የተቀመጠው ሁለተኛ ቁልፍ ይሞከር፤ ብዙ ጊዜ አልተሠራበትምና ጥርሱ ደኅና ነው። እርሱም ካልሆነ ደብልዩ ዲ 40 የሚባለውን ወይም ይህን የመሰለ ሰርጎ ገብ ዘይት በቀዳዳው ጥቂት ነፍቶ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ታግሦ፤ ቁልፉን ሳያዞሩ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ነው። በወጣ ቁጥር በጨርቅ ይጠረግ፤ ጥቁር ቆሻሻ ይዞ ሲወጣ ይታያል። ከዚያ በኋላ በሁለት ጣት ብቻ ቀስ አድርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሞከር ነው። ያለቀ ቁልፍ አንዳንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ የጸጉር ያህል ወደ ውጭ ሲሳብ ይዞራል፤ ይህ ግን የዕለት መፍትሔ ነውና ወዲያው ቁልፍ ማስቀረጽ ይገባል። የሚቀረጸውም ካለቀው ሳይሆን ከደኅናው ቁልፍ ነው፤ ካለቀ ቁልፍ የተቀዳ ቁልፍ ተወልዶ ሳያድግ ያረጀ ነውና።

መንጋጋው የተጣበቀ እንደ ሆነ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። አንዱ በመዳፉ ወይም በዳሌው የበሩን ጠርዝ በመንጋጋው አጠገብ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ይይዛል፤ ሁለተኛው በዚያው ቅጽበት እጀታውን ይስባል። በዚህ ጊዜ በምላሷ ላይ የተጫነው ክብደት ይቀንስና ትነሣለች። ቢቻል አንድ ሰው ከውስጥ፤ አንድ ሰው ከውጭ ሆነው ሁለቱን እጀታዎች ባንድነት መሳብ ደግሞ የተሻለ ነው። በበሩና በምሰሶው መካከል ባለው ስንጥቅ ወደ መንጋጋው ዘይት ነፍቶ፤ ጥቂት ቆይቶ፤ ይህንኑ መደጋገም ብዙውን በር ያስከፍታል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የበሩን የውስጥ ሽፋን ማውጣት ግድ ይሆናል። በሩ ተዘግቶ ሳለ ሥራው ቢያስቸግርም በአሮጌ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። መስታወቱን አስቀድሞ ወደ ላይ መዝጋት፤ ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል። የክንድ መደገፊያውና የእጀታው ክፈፍ ብሎኖች በካቻቪቴ ይፈታሉ። በእጅ የሚዞረው የመስታወት ማዞሪያ በብዙ መኪና ላይ የሚያዘው በጀርባው በተሸጐጠ፤ የፈረስ ኮቴ በመሰለ ቀጭን ሞላ ነው፤ ይህንንም ለማውጣት አሮጌ ጨርቅ በማዞሪያውና በሽፋኑ መካከል አስገብቶ እንደ ጫማ ጠራጊ ወዲያና ወዲህ መሳብ ይበቃል፤ ጨርቁ የሞላውን ጫፍ ይዞ ያወጣዋል። ሞላው ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ ሌላው እጅ ከሥሩ ይጠብቅ። ሽፋኑ ዙሪያውን በፕላስቲክ ችንካሮች የተያዘ ነውና ከታች ጀምሮ በየችንካሩ አጠገብ ቀስ በቀስ ይነሣ።

ከሽፋኑ በስተኋላ የተለጠፈ የፕላስቲክ ወረቀት ይገኛል። ይህ ወረቀት ውኃ ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ነውና ሳይቀደድ ይላጥ፤ በኋላም ወደ ቦታው ይመለስ። በበሩ ብረት ላይ ባሉት ሰፋፊ ቀዳዳዎች እጅ ሲገባ የብረቱ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቈርጥ ጓንት ማጥለቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በባትሪ መብራት እያዩ የወደቀውን ዘንግ ፈልጎ ማግኘት፤ የእጀታውንም ዘንግ በጣት ገፍቶ ምላሷን ማንሣት ነው። በሩ ይከፈታል።

ከተከፈተ በኋላ

በሩ ተከፈተ ተብሎ ወዲያው መልሶ መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው። በሽታው ሳይድን የተዘጋ በር ሁለተኛ ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ መንጋጋውን በካቻቪቴ ጫፍ ገፍቶ ሁለት ጊዜ ቀጭ እስኪል ድረስ ማዞር፤ ከዚያም በውጭው እጀታ፤ ቀጥሎ በውስጡ እጀታ፤ ቀጥሎ በቁልፉና በችካሏ እያፈራረቁ ማስለቀቅ ይገባል። ይህ ፈተና ብዙ ነገር ይገልጻል። መንጋጋው በሩ ክፍት ሳለ ያለ ችግር እየሠራ ሲዘጋ ብቻ የሚጣበቅ ከሆነ፤ ጥፋቱ የቁልፉ ሳይሆን የበሩ ማዘንበል ወይም የተቀባዩ ብረት መዛባት ነው። በሩን ከጫፉ ይዞ ወደ ላይ ከፍ ሲያደርጉት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ማጠፊያው ማለቁ ታውቋል። ተቀባዩን ብረት ማስተካከል ያስፈለገ እንደ ሆነ ብሎኑን ከማላላት በፊት በዙሪያው በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይገባል፤ አለዚያ የቀድሞ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

መንጋጋው በአሮጌ ግራሶ ከተያዘ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያም ንጹሕ ግራሶ በስሱ ይቀባ። በነጭ ጋዝ ሲሠራ ግን ሲጋራ ማጨስ ወይም ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ መሆን አይገባም። ወደ ሲሊንደሩ ግራሶ ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ አቧራን እንደ ማር ይሰበስባልና። ለሲሊንደሩ የሚስማማው ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ ይኸውም ግራፋይት የተባለው፤ በተራ እርሳስ ውስጥ የሚገኘው ጥቁር ነገር ነው። የቁልፉን ጥርስ በለስላሳ እርሳስ አጥቁሮ ዐሥር ጊዜ ያህል ማስገባትና ማውጣት ለወራት ይበቃል። ዘይትና እርሳስ ግን ባንድ ጊዜ አይግቡ፤ ሁለቱ ተደባልቀው ጭቃ ይሆናሉና፤ ዘይቱ እስኪደርቅ መቆየት ያስፈልጋል።

የተሰበረችውን ማያያዣ በሽቦ ማሰር የተለመደ ነው። እኛም ከመንገድ ቤት ለመድረስ ከሆነ አንነቅፈውም፤ ነገር ግን ሽቦ ይላላል፤ ይንሸራተታል፤ አንድ ቀንም ዘንጉን ይለቀዋል። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የአሮጌ መኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ ከሌላ መኪና የወጣ መንጋጋም ማያያዣም ማግኘት ይቻላል። ለመግዛት የሚሄድ ሰው የተሰበረውን ዕቃ ይዞ ይሂድ፤ የግራና የቀኝ በር መንጋጋ እንደማይለዋወጥም አይርሳ። ከመክፈሉ በፊት መንጋጋውን በእጁ ዘግቶና ከፍቶ ሞላው ፈጥኖ መመለሱን ይመልከት።

ቁልፉ የጠፋበት ወይም በመኪናው ውስጥ የተቈለፈበት ሰው ባለሙያ ቢጠራ፤ ባለሙያው ሊብሬውን አሳየኝ ሲለው መቆጣት አይገባውም። የጠየቀው ባለሙያ የሁላችንንም ንብረት እየጠበቀ ነው። ሳይጠይቅ የሚከፍት ሰው ነገ የእኛንም መኪና ለሌላ ሰው ሳይጠይቅ ይከፍታል።

ስለ ልጆች

የዚህ ገጽ አንባቢዎች እናቶችና አባቶች ስለ ሆኑ ይህን ነገር ለብቻው እንናገራለን። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሕፃን ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ብቻውን መተው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2005 ፔዲያትሪክስ በተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፤ የውጭው አየር 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ በሆነበት ቀን በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ጊዜ እስከ 47 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከጭማሪውም 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይፈጸማል። መስታወቱን ጥቂት ገርበብ አድርጎ መተውም እምብዛም አይረዳም። 22 ዲግሪ ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ደስ የሚል የቀትር አየር እንጂ ሐሩር አይደለም። የሕፃን ገላ ከአዋቂ ገላ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚግልም የታወቀ ነው።

እንግዲህ ልጅ በውስጥ ሳለ በሩ እምቢ ካለና ሌላ የሚከፈት በር ከሌለ፤ ከዚህ በላይ ስለ ትዕግሥት የተናገርነው ሁሉ ይቀራል። ዘይትም እርሳስም አይጠበቅም፤ መስታወት ይሰበራል። የሚሰበረው ከልጁ ራቅ ያለው የጐን መስታወት ነው። የፊቱ መስታወት በሁለት መስታወት መካከል ፕላስቲክ ተለጥፎበት የሚሠራ ስለ ሆነ ይሰነጠቃል እንጂ ፈጥኖ አይበሳም፤ የጐኑ ግን በሙቀት የጠነከረ በመሆኑ ሲመታ ባንድ ጊዜ እንደ ጠጠር ይበተናል። መሃሉን ሳይሆን ጥጉን፤ ጫፉ ሹል በሆነ ብረት መምታት ያስፈልጋል፤ እጅና ፊትም በልብስ ይሸፈን። መስታወት በገንዘብ ይገዛል።

የየወሩ ልማድ

አሮጌ መኪና ያለው ቤተ ሰብ በወር አንድ ቀን መርጦ አራቱን በሮች በተራ በተራው ይፈትን። እያንዳንዱ በር ከውጭ ተከፍቶ ይዘጋ፤ ከውስጥም ተከፍቶ ይዘጋ፤ በቁልፍና በችካልም ይቈለፍና ይፈታ። ለዚህ ሥራ ከዐሥር ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አያስፈልግም። ፈተናውንም ልጆች ራሳቸው ቢያደርጉት መልካም ነው፤ በሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚከፈት የሚማሩት በዚሁ ነውና። ክረምት ሲወጣ በመስከረም ወር በበሩ ሥር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይጠረጉ፤ የመስታወቱ ጎማ ይታይ፤ መንጋጋዎቹም በግራሶ ይታደሱ። መኪናችንን ለዓመቱ ምርመራ ስናዘጋጅ ስለ ፍሬንና ስለ መብራት እንደምናስብ ሁሉ በሮቹንም ከእነዚሁ ጋራ እንቊጠራቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፤ «ለአሮጌ መኪና ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ይል ይሆናል። እኛ የምንመልሰው ይህ ነው። መኪናው ቢያረጅም በውስጡ የሚቀመጡት አላረጁም። ባለቤቱ ከውድ አዲስ መኪና የሚያገኘውን ምቾትና ፍጥነት ከአሮጌው ላያገኝ ይችላል፤ በአደጋ ቀን ከፍቶ የሚወጣበትን በር ግን ከአሮጌውም ማግኘት ይችላል፤ ዋጋውም ጥቂት ግራሶ፤ አንድ እርሳስና በወር የዐሥር ደቂቃ ትጋት ብቻ ነው። የታመመ በር ያለው ሰው ቢኖር ነገ ከማለት ዛሬ ያሠራው።